የመልእክተኛው ድርሻ

ቺሪ ማያ አረቄ ማውጫዋ ውስጥ በርበሬ ተከለችበት። ወሬው የቲሚን ከተማ ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። በዓል በደረሰ ቁጥር ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ደጇ የሚሰለፈው ሰው ዘንድሮም መጣና፣ ያቺ ታችዋ እንደ ወንፊት የተበሳሳች የሸክላ ማሰሮ በረንዳው ላይ ተጎልታ፣ ከውስጧ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብሎ አገኘ። አበደች አሉ። አንዳንዱማ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነው የተመለሰው።

«ቀዳዳው ለበርበሬ ይስማማዋል፤ ውሃ አይቋጥርም» ትላለች እሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የቲሚ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እዚያ አገር ሕፃን ሲወለድ አረቄ ነው፣ ሙሽራ ሲገባ አረቄ ነው፣ አምላክ ሲለመን አረቄ፣ ሬሳ ሲሸኝም አረቄ። አይላ ይሉታል፣ ከሩዝ ይወጣል። የቺሪ ማያ አይላ ደግሞ ስሙ የተጠራ ነው። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ድንጋይ ላይ አፍስሳ ክብሪት ስትጭርበት ሰማያዊ ነበልባል ቦግ ይላል። አማቷ ይህን ለእንግዳ ማሳየት ይወዱ ነበር። «የምራቴ አረቄ ውሃ አይደለም፣ እሳት ነው!» ይሉ ነበር አፋቸውን ሞልተው።

ባሏ ንሁቼ ሸክላ ሠሪ ነው። የሚታወቀውም አረቄ በሚጠጣባቸው፣ መዳፍ በማይሞሉት ትንንሽ ጽዋዎች ነው፤ ከመንኮራኩሩ ላይ እየቆረጠ በቀን አራት መቶ ያሰልፋል። እሷ ታወጣለች፣ እሱ መጠጫውን ይሠራል። ጎረቤቱ ድስትና ክዳን ይላቸው ነበር። ጥሩ ትዳር ነበር፣ እስኪበላሽ ድረስ።

መቼ ተበላሸ ብትባል ቀኑን አታውቀውም። በፊት የሚጠጣው ማታ ማታ ነበር። ቀጥሎ ከምሳ ጋር ሆነ። ከዚያ አንድ ጠዋት ንሁቼ ጭቃውን መንኮራኩሩ መሃል ላይ ማስቀመጥ አቃተው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጭቃው ወደ ጎን ይሸሻል። አንድ ጽዋ ጨለጠና እጁ ቀጥ አለለት። ቺሪ ማያ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ያኔ እሷም «እሰይ» ብላለች። ከዚያ ወዲህ ሳይጠጣ የጀመረው ጠዋት የለም። ሰው ሁሉ ጠጪ የሚጠጣው ለመስከር ይመስለዋል። ንሁቼ ግን በስተመጨረሻ የሚጠጣው እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ለመቆም ነበር። ካልጠጣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ የበላው አይረጋለትም። መስከሩማ ቅንጦት ሆኖ ቀረ።

የቀረውን ልጃቸው ሮጂና ታውቀዋለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ የዓመት ፈተናዋን አቋርጣ፣ የክፍሏ ልጆች በመስኮት እያዩ፣ አባቷን ከትምህርት ቤቱ ቦይ ውስጥ ጎትታ አውጥታለች። ከዚያን ቀን በኋላ «ባ» ብላ፣ አባቴ ብላ ጠርታው አታውቅም። ያ ሰውዬ መጣ፣ ያ ሰውዬ ወደቀ ነው የምትለው።

መጀመሪያ ያሰቡት መፍትሔ ቁልፍ ነበር። ሐሳቡን ያመጡት አማቷ ናቸው፤ ሮጂና አያቷን «አጂ» ብላ ስለምትጠራ ቤቱም ሰፈሩም አጂ የሚላቸው ሴትዮ። «ሦስት ቀን ቆልፈን እናስተወው» አሉ። ሩዝ የሚከማችበት ክፍል አስገቡትና ቁልፉን ከወገባቸው አሰሩት። በመጀመሪያው ቀን ለመናቸው። በማግስቱ ግድግዳው ጉንዳን ወረረው እያለ ጮኸ፤ ጉንዳን ግን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ዐይኑ ተገለበጠ፣ ሰውነቱ ተገተረ፣ አፉ አረፋ ደፈቀ። ሆስፒታል ሲያደርሱት ሲስተር ላኒ የምትባለው ነርስ እሱን አስተኝታ ስታበቃ ወደ እነሱ ዞረች።

«ልትገድሉት ነበር እኮ! ለዓመታት አረቄ የለመደ ሰውነት በአንድ ቀን ሲነጠቅ እንዲህ ነው የሚሆነው። በሐኪም እጅ፣ በመድኃኒት፣ ቀስ ተብሎ ነው።»

«ልናድነው ብለን ነው» አለች ቺሪ ማያ።

«አውቃለሁ እህቴ። ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው ተሸክሞ የሚያመጣው።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ንሁቼ ፊቱ ሰው መስሎ ወጣ። ከዚህ ቀጥሎ የሠሩትን ስህተት ደግሞ የቲሚ ነዋሪ ከሆነው ከኔዋር ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። ከሞት አፋፍ ለተመለሰ ሰው በር ላይ ሳጋን ይሰጠዋል፦ በቀኝ እጁ የተቀቀለ እንቁላል፣ በግራ እጁ አንድ ጽዋ አረቄ። ምርቃት ነው፣ እምቢ አይባልም። እንቁላሉን የላጠችው ቺሪ ማያ ናት። አረቄውን ከፍ አድርጋ ሳይቆራረጥ የቀዳችውም እሷ ናት። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብላ አስያዘችው፤ እሱም እያለቀሰ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ቦይ ውስጥ ነበር።

ይህን ባሰበች ቁጥር እስከ ዛሬ ቆሽቷ ያርራል። ሐኪም ያስረከባትን ባሏን በገዛ እጇ፣ በገዛ አረቄዋ፣ ያውም መርቃ መለሰችው።

ለሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል ሲገባ ዐይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ደም እያስመለሰ ነው። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። «ጉበቱ ጠባሳ እየሆነ ነው። ከተወው በቀረችው ይኖራል። ከጀመረ ግን ተሸክማችሁ አትልፉ፤ እዚህ አይደርስም።» ሲስተር ላኒ ግን ቺሪ ማያን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ ሻይ ሰጠቻት።

«ልፍስፍስ ስለሆነ አይምሰልሽ። በሽታ ነው፣ አንጎሉን ይዞታል።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ዘብ ልቁምበት? ኪሱን ልፈትሽ?»

«መንገዱ ላይ አታስቀምጪለት፣ ይኼ ያንቺ ነው። እምቢ ማለት ግን የሱ ነው። አንቺ እምቢ ልትዪለት አትችዪም።»

በርበሬው የተተከለው በዚያው ሳምንት ነው። ንሁቼ ቤቱ ሲገባም ሳጋን በር ላይ አልጠበቀውም። አጂ ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅር አላሏትም። «ልጄን እንደ ሬሳ በባዶ እጅ አስገባሽው!» እያሉ አለቀሱ፤ ለሰፈሩም ነገሩ። እንግዲህ ይህ አራት ወር ሆነው። አራቱንም ወር ንሁቼ አልቀመሰም። እጁ ጠዋት ጠዋት አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጭቃው መሃል ይቀመጥለታል።

አዲስ ዓመት መጣ። በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን፣ ምሽት ላይ፣ ምሃ ፑጃ አለ። የገዛ ሰውነት የሚከበርበት ቀን ነው፤ ቤተሰቡ በረድፍ ይቀመጣል፣ በእያንዳንዱ ፊት በሩዝ ዱቄት ክብ ይሣላል፣ የቤቱ ሴት ለእያንዳንዱ ሳጋን ትሰጣለች። እንቁላል። አረቄ። ቺሪ ማያ ይህን ቀን ወሩን ሙሉ ስትፈራው ከረመች።

በዋዜማው ጠዋት ንሁቼ ከደጁ ተቀምጦ ለበዓሉ የታዘዙትን ጽዋዎች ሲሠራ፣ የድሮ ጓደኛው ቱልሲ ጀሪካኑን እያወዛወዘ አለፈ።

«አንተ ንሁቼ! መጠጫውን ትሠራለህ፣ መጠጡን ትፈራለህ? ሚስትህ ጡት አስጣለችህ አሉ!»

ንሁቼ ቀና አላለም። ቺሪ ማያ ግን ከበረንዳው መለሰችለት።

«አዎ አስጥዬዋለሁ! ያንተን እናትህ ረስታው ነው መሰል፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላህ ነው፣ ይኸው አሁንም ጀሪካን ትጠባለህ።»

ሸክላ የሚያሰጡት ሴቶች ሳቁ። ቱልሲም ሳቀ፣ ምን ያድርግ። አጂ ብቻ አልሳቁም። ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንቁላል ይቆጥሩ ነበር።

«ለመሆኑ ነገ ጽዋው ላይ ምን ልትቀጂ ነው?» አሏት።

«እርጎ።»

«እርጎ!» እንቁላሉ ከእጃቸው ሊያመልጥ ነበር። «እርጎ መንገደኛ ሲሸኝ ነው። የምሃ ፑጃ ሳጋን አረቄ ነው። የኔም እናት፣ የእናቴም እናት አረቄ ነው የሰጡት።»

«የእርስዎ እናት ጉበቱ ያለቀ ልጅ አልነበራቸውም።»

«ሳጋን መጠጥ አይደለም፣ ስሚኝ! ሳጋን ሳጋን ነው። ምርቃት ሰው አይገድልም።»

«እርስዎ ለይተው ያውቁታል፣ አጂ። ጉበቱ ግን መለየት አይችልም።»

አሮጊቷ ተነሡ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ሳጋን መስጠቱን ለምራታቸው ከተዉት ስምንት ዓመት ሆኗል። «እንግዲያው ነገ እኔው እሰጣለሁ። የዚህ ቤት ትልቅ ሴት ገና አልሞተችም» አሉና፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ገቡ።

ይህ ሁሉ ሲባል ንሁቼ መንኮራኩሩን ማዞሩን አላቋረጠም። ቺሪ ማያን ያስፈራት ይህ ነው። ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ሰምተሃል አይደል? ነገ ምን ልታደርግ ነው?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው?»

መንኮራኩሩን በእጁ አቆመው። «ቃል እንድገባልሽ ነው የምትፈልጊው? ስንት ጊዜ ገብቼልሻለሁ? በልጄ ራስ ምዬልሽ፣ በዚያው ቀን ቱልሲ ቤት አልተገኘሁም? ለእማ እምቢ ብያት አላውቅም፣ ሳጋንንም እምቢ ብዬ አላውቅም። ዛሬ አልጠጣሁም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው።»

ልትጮህበት አፏን ከፈተች፣ ሲስተር ላኒ ትዝ አለቻትና መልሳ ዘጋችው። እርር ድብን ብላ ተነሥታ ሄደች። በርበሬውን ውሃ አጠጣች። ሁለት ጊዜ አጠጣችው፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

በማግስቱ ምሽት ሮጂና ወለሉን በቀይ አፈር ለቅልቃ ክቦቹን ሣለች። ከላይ የአጂ፣ ቀጥሎ የአባቷ፣ ከዚያ የራሷ፣ ከዚያ የእናቷ። ከረድፉ ግርጌ ሁለት ተጨማሪ ክቦች አሉ፤ በየቤቱ፣ በየዓመቱ ይሣላሉ። አንዱ ለሞት ጌታ ለያማ ነው፣ መጨረሻው ነፍስ ሊወስድ ለሚላከው ለመልእክተኛው። እሱም እንግዳ ነውና ሩዝና አበባ ይቀርብለታል። በየክቡ ላይ ዘይት የጠጣ ረጅም የጥጥ ክር በራ። ክሩ እስኪያልቅ፣ ረድፉ እስኪጠረግ ድረስ የተቀመጠ ሰው አይነሣም፣ ክቦቹንም ማንም አይሻገርም፤ ዕድሜ ይቆረጣል ይባላል። ቺሪ ማያ ይህን ስለምታውቅ እርጎውን ገና ሳይቀመጡ በሸክላ ጽዋ ቀድታ ከጀርባዋ ደበቀችው።

አጂ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የናስ ማንቆርቆሪያውን ይዘው መጡ። ለልጃቸው ግንባሩ ላይ ቀይ ቀቡት፣ አበባ አንገቱ ላይ አደረጉለት። እንቁላሉን በቀኝ እጁ አስያዙት። በግራ እጁ ራሱ የሠራትን ጽዋ አስያዙትና ማንቆርቆሪያውን ከፍ አደረጉ።

ሽታው ቺሪ ማያ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አወቀችው። የሌላ ሴት አረቄ አይደለም፤ የራሷ ነው፣ ያምናው፣ መጀመሪያ የተንጠባጠበው፣ እሳት የሚይዘው። ለካ አጂ ሩዝ ውስጥ ቀብረው አስቀምጠውት ኖሯል። ቤቱን ሙሉ አራግፋ ሩዙን ሳትፈትሽ ቀረች! በዚያች ደቂቃ ተስፈንጥራ ተነሥታ ጽዋዋን ከእጁ ነጥቃ ግድግዳው ላይ ብትፈጠፍጣት ደስ ባላት። ዕድሜ ይቆረጣል የሚባለውም አላገዳትም፤ የሚቆረጠው ቆርጦ ይውጣለት። ያገዳት ሌላ ነው። ዛሬ ብትነጥቀው ነገ ቱልሲ ይቀዳለታል፣ ከነገ ወዲያ ሌላው፤ እሷ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ስትነጥቅ ልትኖር ነው። እግሮቿን አጣጥፋ፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። እንዲህ የከበዳት ነገር በሕይወቷ የለም።

ንሁቼ ጽዋዋን ያያታል። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሁለት ጠብታ ከጉልበቱ ላይ ወደቀ። ምራቁን ሲውጥ ተሰማ።

«በል ልጄ» አሉ አጂ። ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «ዕድሜህ እንደ ክሩ ይርዘም። ጠጣ።»

«እማ» አለ። «እኔ ይህን የምጠጣው ለማን ዕድሜ ነው?»

«ምን?»

«አንቺ ዕድሜ ይጨምርልህ ትያለሽ። እኔ በጠጣሁ ቁጥር ዕድሜ የሚጨምርለት ያ፣ ታች የተቀመጠው ነው።» በአገጩ የረድፉን ግርጌ አሳየ። «አሥር ዓመት ሙሉ የሱን ድርሻ ነው ስጠጣ የከረምኩት። በቃኝ። ድርሻውን ይውሰድ።»

«ንሁቼ! ሳጋን እምቢ ልትል ነው?»

«ሳጋን እምቢ አላልኩም፣ እንቁላሉ ይኸው በእጄ ነው። እሱን ግን እምቢ ብያለሁ። እምቢ!»

አለና፣ ሳይነሣ፣ ክብ ሳይሻገር፣ ጽዋዋን ከጎኑ ለተቀመጠችው ልጁ ዘረጋላት። ሮጂና ጽዋዋን አየች፣ የሚንቀጠቀጠውን እጅ አየች። ከዚያ ቦይ ወዲህ ያን እጅ ነክታው አታውቅም። ሁለት መዳፏን ከሥሩ አድርጋ፣ ጽዋዋን ከነጣቶቹ አጥብቃ ያዘችለት፤ መንቀጥቀጡ ጋብ እስኪል ድረስ ይዛው ቆየች። ከዚያ ተቀብላው ወደ እናቷ አሳለፈች።

ቺሪ ማያ የገዛ አረቄዋን በእጇ ያዘችው። አፏ ውስጥ የሞላው ስድብ ብቻ ነው። ወደ መጨረሻው ክብ ዞረች።

«እንካ!» አለችው መልእክተኛውን። «የእጄን ሥራ ብዙ ጊዜ በባሌ አፍ ቀምሰኸዋል። ዛሬ በራስህ አፍ ጠጣ!»

ደፋችበት። አረቄው በዱቄቱ ላይ ፈሰሰ፣ የሚበራውን ክር ነካ፣ ሰማያዊ ነበልባል ቦግ ብሎ ክቡን በሙሉ ወረሰው። ሮጂና ጮኸች። አጂ ማንቆርቆሪያቸውን ታቅፈው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ያ ድንጋይ ላይ ለእንግዳ ሲያሳዩት የኖሩት እሳት ነው፤ ራሱ ነው። አሁን ግን አጂ ልጃቸውን አዩት፣ የተነፋውን ሆዱን አዩት፣ እንደገና እሳቱን አዩት። 

እሳቱ ብዙ አልቆየም። ሲጠፋ አበባው አርሮ፣ ሩዙ ጠቁሮ፣ ክቡ የተለበለበ ጣባ መሰለ።

«ግራ እጄ ባዶ ነው» አለ ንሁቼ። አሁንም ዘርግቶታል።

ቺሪ ማያ ከጀርባዋ እርጎውን አወጣች። ለሮጂና አቀበለቻት፣ ሮጂናም ወደ ላይ አሳለፈችው።

«እንካ፣ ባ» አለች።

ንሁቼ አልተቀበላትም። ሊቀበል አልቻለም፤ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ትከሻው ይንዘፈዘፍ ነበር። ጽዋዋን ከልጅቷ እጅ የተቀበሉት አጂ ናቸው። ሳጋን ቆማ የምታገለግል ሴት ካልሰጠችው ሳጋን አይሆንማ! እያጉረመረሙ፣ ዘመኑን እየረገሙ፣ ክንዱን ከፊቱ ላይ አውርደው ጽዋዋን በግራ እጁ አስያዙት። እስኪጠጣም ቆመው ጠበቁ። ጢሙ ላይ የቀረውን እርጎ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉለት፣ እንደ ልጅ።

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጠው፣ በእጃቸው ክዳኑን ገጠሙበት። የራሳቸው ተራ ሲደርስም አልከፈቱትም። የተለበለበውን ክብ በጎን በጎን ያዩት ነበር።

«አንቺ» አሉ በመጨረሻ፣ ምራታቸውን። «ያ ታች የተቀመጠው ሰውዬ ጥሩ አድርጎ ጠጥቶልሻል። ነገ ተመልሶ መጥቶ ድገሙኝ ቢልስ?»

«ማሰሮው በረንዳ ላይ ነው» አለች ቺሪ ማያ። «በርበሬውን ይቅመስ!»